ጥጃውን ልሽጠው ወይስ ላቆየው? ለአዳማና ለአካባቢዋ አርቢዎች የንጽጽር መመሪያ

አዳማ ዙሪያ ከብት የሚያረባ ሰው ሁሉ በየዓመቱ እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። ላሟ ወልዳለች፣ ጥጃው ደህና ነው፣ ደላላው ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ጎረቤት «ትንሽ አቆየው፣ እጥፍ ያወጣል» ይላል። ወተት የሚረከበው ሰው «ይሄ ጥጃ ወተቱን ጨረሰብህ እኮ፣ ሽጠው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ስለ አንድ ዓይነት ጥጃ አይደለም የሚያወሩት።

ከተማ ውስጥ ግቢው ላይ አምስት የተዳቀሉ ላሞች አስሮ ወተት የሚሸጥ ሰው አለ። ቦሰትና ፈንታሌ በኩል ቦረናና ከረዩ ከብት አሰማርቶ የሚያረባ አለ። ሎሜና ዶዶታ ላይ ጤፍና ስንዴ እያመረተ የገለባ ክምር ያለው ገበሬ አለ። እነዚህ ሦስቱ ለአንድ ጥጃ ሦስት የተለያየ መልስ ቢሰጡ ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ «ስንት ያወጣል?» ከማለት በፊት መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ፤ ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ በነሱ እንፈትሸው።

በምን እንመዝን?

ከሁሉም የሚቀድመው መኖ ነው። ጥጃው የሚበላው ከራሳችሁ ክምር ነው ወይስ ከሱቅ በኩንታል ተገዝቶ? አዳማ በዚህ የታደለች ናት። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ቅርብ ስለሆነ ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚቀረው ወፍራም ጣፋጭ ዝቃጭ) እና የአገዳ ጫፍ ይገኛል፣ ዱቄት ፋብሪካዎቹ ፉርሽካ አላቸው፣ ከአርሲ በኩል የስንዴና የገብስ ገለባ ይመጣል። ግን መገኘቱ ብቻ ርካሽ አያደርገውም። በተለይ የጤፍ ገለባን ከብት ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ጭቃ ቤት የሚመርግም ይፈልገዋል፣ ዋጋው ክረምት ሲቃረብ ይሰቀላል።

ሁለተኛው፣ እኔ በጣም የማምንበት፣ የዋጋ ደረጃ ነው። የጥጃ ዋጋ በየወሩ እኩል እኩል አይጨምርም። እንደ ደረጃ መወጣጫ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ረግቶ ይቆይና በአንዴ ይዘላል። ለወንዱ ጡት ሲጥል አንድ ዝላይ አለ፣ ወይፈን ሆኖ ማድለቢያዎች የሚፈልጉት ቁመና ላይ ሲደርስ ሌላ፣ ለቀንበር ሲደርስ ወይም ሰንጋ ሲሆን ሌላ። ለሴቷ ጡት ስትጥል፣ ለኮርማ ስትደርስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርጉዝ መሆኗ ሲረጋገጥ። በሁለት ደረጃዎች መካከል የሚሸጥ ሰው የሚቀጥለውን ደረጃ መኖ ከፍሎ ዋጋውን ሳያገኝ ይወጣል። ብዙ አርቢ የሚከስረው እዚህ ነው። ስለዚህ የምመክረው ቀላል ነው። ወይ ደረጃው ላይ ስትደርሱ ሽጡ፣ ወይ እስከ ሚቀጥለው ደረጃ የሚያደርስ መኖና ካሽ እንዳላችሁ አረጋግጡ።

ሌሎቹ መመዘኛዎች አጠር ይላሉ። ወተት፦ ጥጃው የሚጠጣው ወተት ቢሸጥ ስንት ያወጣል? ስጋት፦ በዚህ ዕድሜ ምን ሊገድለው ይችላል? ገንዘብ፦ ብር የሚያስፈልጋችሁ መቼ ነው? መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰው ጥር ላይ የሚደርስ ትርፍ አይጠቅመውም፤ ተበድሮ ካቆየው ደግሞ ወለዱን ከትርፉ ላይ መቀነስ አለበት።

አንድ ኪሎ መጨመር ስንት ያስወጣል?

ይህን ስሌት አንዴ ከለመዳችሁት ደላላ አያወናብዳችሁም። ጡት የጣለ 120 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ጥጃ እንውሰድ። ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይበላል። ስለዚህ ይህ ጥጃ 3 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል፤ 2 ኪሎ ገለባ ወይም ድርቆሽ፣ 1 ኪሎ ደግሞ የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) ድብልቅ እንበል። በወር 60 ኪሎ ገለባና 30 ኪሎ ድብልቅ ማለት ነው። በዚህ አመጋገብ ጥጃው በወር 10 ኪሎ ቢጨምር ደህና ነው።

አሁን ዋጋ እናስገባ። የምጠቀምባቸው ብሮች ለማስሊያ ብቻ ናቸው፤ እናንተ የሰፈራችሁን አስገቡ። ድብልቁ በኪሎ 40 ብር ከሆነ 1,200 ብር። ገለባው ተገዝቶ ቤት ሲደርስ በኪሎ 10 ብር ከሆነ 600 ብር። ለጨው፣ ለመድኃኒት፣ ለጠባቂ 300 ብር። ድምሩ 2,100 ብር ነው። ለ10 ኪሎ ስናካፍለው እያንዳንዱ የተጨመረ ኪሎ 210 ብር ፈጅቷል። ገበያ ላይ የቁም ክብደት በኪሎ 180 ብር ሂሳብ የሚወጣ ከሆነ ጥጃውን ባቆያችሁት ቁጥር በየኪሎው 30 ብር እየከሰራችሁ ነው። ጥጃው እያደገ ነው፣ ዓይንን ያስደስታል፣ ኪስ ግን እየሳሳ ነው።

ገለባው የራሳችሁ ቢሆንስ? እዚህ ጋ ብዙ ሰው «ነጻ ነው» ብሎ ይዘለዋል። ነጻ አይደለም። አውድማው ላይ ብትሸጡት በኪሎ 4 ብር የሚያወጣ ከሆነ ዋጋው 4 ብር ነው። እንዲያ ሲሰላ ድምሩ 1,740 ብር ይሆናል፣ በኪሎ 174 ብር። ትርፍ አለ፣ ግን በኪሎ 6 ብር ብቻ፤ አንድ ጊዜ ሐኪም ከተጠራ አለቀ።

እንግዲህ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ተመልከቱ። ያንኑ መኖ በልቶ ጥጃው በወር 10 ኪሎ ሳይሆን 15 ኪሎ ቢጨምር፣ የአንድ ኪሎ ወጪ ከ174 ብር ወደ 116 ብር ይወርዳል። 15 ኪሎ የሚያመጣው ደግሞ የትል መድኃኒት በወቅቱ መስጠት፣ ንጹሕ ውሃ እንደልብ ማቅረብ፣ ቦሌ (ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር) ወይም ጨው አለማጓደል፣ እና ከመጀመሪያውም ጥሩ አባት ያለው ጥጃ መምረጥ ነው። ስለዚህ «ወንዶቹን ሁሉ ላቆይ ወይስ ሁሉንም ልሽጥ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ መስተካከል አለበት። ውሳኔው በየጥጃው ነው። ሁለት ጥጃ ጎን ለጎን አንድ ገንዳ ላይ በልተው አንዱ አትራፊ ሌላው አክሳሪ ሊሆን ይችላል።

ወንድ ጥጃ፦ አራቱ መውጫዎች

የመጀመሪያው በተወለደ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ መሸጥ ነው። ይህ የከተማ ወተት አምራቾች መንገድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተዳቀለ ጥጃ በቀን 4 ሊትር ገደማ ወተት ይጠጣል። በሁለት ወር ጡት ቢጥል እንኳ 240 ሊትር ጠጥቷል። 240 ሊትርን ሰፈራችሁ ባለው የወተት ዋጋ አባዙት፣ ከዚያ የሁለት ወር ወንድ ጥጃ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ወተቱ ይበልጣል።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቶሎ ቢሸጥም እንገሩን ሳይጠጣ መውጣት የለበትም። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ እንገር ያልጠጣ ጥጃ በሽታ የሚከላከልበት አቅም አይኖረውም፤ ገዢው ቤት ደርሶ በተቅማጥ ይሞታል፣ ያ ገዢ ደግሞ ተመልሶ ወደ እናንተ አይመጣም። እንገር ለገበያ አይሆንም፣ ስለዚህ እሱን መስጠት ምንም አያስከፍላችሁም። ሁለተኛ፣ ይህ አማራጭ ለተዳቀሉ ላሞች ብቻ ነው የሚሠራው። የቦረናና የአርሲ ላም ጥጃዋ አጠገቧ ከሌለ ወተት አትለቅም። አባቶቻችን ጥጃ ሲሞት ቆዳውን ገለባ ሞልተው ላሟ ፊት የሚያቆሙት ለዚህ ነው። የሀገር ላም ያለው ሰው ጥጃውን በሳምንቱ ከሸጠ ወተቱንም አብሮ ሸጠው ማለት ነው።

ሌላም የማይወራ ነገር አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ አንዳንዱ ረካቢ ጭራሽ አልቀበልም ይላል። የካቲትና መጋቢት ላይ የተወለደ ወንድ ጥጃ የሚጠጣው ወተት ከመስከረም ጥጃ ወተት ጋር እኩል ዋጋ የለውም። ወተቱ ገዢ አጥቶ ከሚደፋ ጥጃው ቢጠጣው ይሻላል። የጾም ጥጃን ማቆየት ብዙ ጊዜ ያዋጣል፣ የመስከረሙን ግን ደጋግማችሁ አስሉ።

ሁለተኛው መውጫ ጡት ሲጥል መሸጥ ነው። ለተዳቀለው ከ2 እስከ 3 ወር ላይ፣ በቀን 1 ኪሎ ገደማ ድብልቅ መኖ መብላት ሲጀምር። ለሜዳ ከብት ደግሞ ከ6 እስከ 8 ወር። መሬት ለጠበበው፣ መኖ ለሚገዛ፣ ካሽ ቶሎ ለሚፈልግ ሰው እኔ የምመርጥለት ይህንን ነው። በጣም አደገኛውን የተቅማጥና የሳንባ ምች ጊዜ ጥጃው አልፏል፣ የመጀመሪያው የዋጋ ዝላይ ተገኝቷል፣ ውድ የሚሆነው መኖ ገና አልተጀመረም። ገዢውም ብዙ ነው፤ ከአርሲና ከሸዋ ገለባ ያላቸው ገበሬዎች ለማሳደግ ይፈልጉታል። የሚጎዳችሁ ጡት ባስጣላችሁ ማግስት ይዛችሁ ገበያ ከወጣችሁ ነው። ጥጃው እየጮኸ፣ ሆዱ ተጣብቆ፣ ፀጉሩ ቆሞ ነው የሚታየው። ጡት ከጣለ በኋላ ሦስት አራት ሳምንት አቆዩት፤ ሲረጋጋና ሆዱ ሲሞላ ያኔ አውጡት።

ሦስተኛው እስከ ወይፈንነት ማቆየት ነው፣ አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ይህ በደንብ መታየት ያለበት ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ውስጥ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ገበያዎች አሉ። አንዱ የማድለቢያ ገበያ ነው። አዳማና ሞጆ ዙሪያ ያሉ ማድለቢያዎች ወይፈን ገዝተው ሦስት ወር አካባቢ መግበው በጅቡቲ በኩል ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ይልካሉ። እነሱ የሚወዱት ቦረናን ነው፣ ያልተቀጠቀጠ (ያልተኮላሸ)፣ አጥንቱ ሰፊ፣ ሥጋው ገና ያልሞላ። ሌላው የቀንበር ገበያ ነው። ሦስት ዓመት የሞላው፣ የተገራ፣ ቀንበር የለመደ ወይፈን ካልተገራው በብዙ ይበልጣል፣ ጥማድ ሆኖ ሲሸጥ ደግሞ የበለጠ። በአርሲ ሜዳ ትራክተር እየበዛ የበሬ ፍላጎት ቀንሷል፣ ማሳው አነስተኛና ተዳፋት በሆነበት ቦታ ግን አሁንም በሬ በሬ ነው።

ታዲያ ወይፈኑ ለየትኛው ገበያ እንደሚሄድ ቀድማችሁ ካልወሰናችሁ መቀጥቀጥ አለመቀጥቀጡ ላይ ትሳሳታላችሁ። ለውጭ ገዢ የታሰበውን ከቀጠቀጣችሁት ያ ገበያ ሊዘጋባችሁ ይችላል። ለቀንበር ወይም ለበዓል ሰንጋ የታሰበውን ሳትቀጠቅጡ ካቆያችሁት ደግሞ ያስቸግራል፣ ከጊደሮቻችሁ ጋር ያለ ፈቃድ ይዳቀላል፣ የሀገር ውስጥ ገዢም ያን ያህል አይወደውም። ይህ ውሳኔ ገና ጥጃ ሳለ መወሰን ያለበት ነው። ሲደርስ ይታያል የሚባል ነገር የለም።

ስጋቱም ይለያል። አባ ጎርባ የሚባለው በሽታ የሚመርጠው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉትን፣ ያውም ደህና የበሉትንና የወፈሩትን ነው። ማለትም «ይሄንን ላቆየው» ብላችሁ የመረጣችሁትን ራሱን። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ የወረዳ እንስሳት ጤና ባለሙያዎች ይሰጣሉ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ያላስከተበ ሰው ወይፈን ማቆየት የለበትም። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው።

አራተኛው ራስ አድልቦ ሰንጋ አድርጎ መሸጥ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፣ የቅርጫ ገዢ በበዓል ሰሞን የማይቀንስ ዋጋ ይከፍላል፣ ምኞቱም ደስ ይላል። ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከሦስት እስከ አራት ወር ታስሮ፣ በቀን እስከ 1 ኪሎ ክብደት እንዲጨምር ተደርጎ መመገብ አለበት። ያ ማለት በየቀኑ ብዙ ኪሎ ፋጉሎና ፉርሽካ፣ ሞላሰስ በልክ፣ ውሃ ሳይጓደል። ሞላሰስ ርካሽ ነው ተብሎ ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ሲበዛ ያስቀምጣል፣ ከገለባ ጋር ተለውሶ ቀስ በቀስ ነው የሚለመደው። ከጥጃነት እስከ ሰንጋ አንድ ሰው እጅ ላይ ከማቆየት ይልቅ፣ ጥጃውን ጡት ሲጥል ሸጦ ለድለባ የሚሆን የደረሰ ወይፈን መግዛት ለብዙ ሰው የተሻለ ነው። ገንዘቡ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ጥጃው ላይ ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ይታሰራል።

ሴት ጥጃ ሌላ ሂሳብ ናት

ሴቷን በሥጋ ኪሎ አታስሉአት። ጥያቄው «የትኛዋን ላም ትተካለች?» ነው። 10 የሚታለቡ ላሞች ካሏችሁ በየዓመቱ ሁለት ያህሉ በእርጅና፣ በጡት በሽታ ወይም አልይዝ በማለት ይወጣሉ። እነሱን ለመተካት በዓመት ሁለት፣ ለጥንቃቄ ሦስት ሴት ጥጃ ማቆየት ያስፈልጋል። ከ10 ላም በዓመት 7 ወይም 8 ጥጃ ቢወለድ ግማሹ ሴት ነው፣ ጥቂት ይሞታል፣ የሚተርፈው ሦስት ገደማ ነው። ስለዚህ በረቱን ሳያሳንስ ሊሸጥ የሚችለው ብዙ ጊዜ አንዷ ብቻ ናት። በየዓመቱ ሴት ጥጃዎቹን ሁሉ የሚሸጥ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ላም ገበያ ላይ ራሱ ገዢ ሆኖ ይገኛል፣ ያውም ታሪኳን የማያውቃትን ላም በውድ ዋጋ።

የቷ ትቆይ? የእናቷን ታሪክ እዩ። እናቷ ቶሎ የምትይዝ፣ ጡቷ የማይታመም፣ ጠባይዋ ጥሩ ከሆነች ልጇን አትሽጡ፣ ደላላው ምንም ቢጨምር። ወተቷ ብዙ ሆኖ በየጊዜው ጡቷ ለሚታመም ላም ልጅ ግን አልጓጓም። አንድ ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ሴት ጥጃ ከ10 ውስጥ 9 ጊዜ መሃን ናት። በመልክ አትለይም፣ ታድጋለች፣ ታምራለች፣ ግን አትወልድም። እሷን ጡት ስትጥል ከወንዶቹ ጋር ለሥጋ አስቡ፤ ለሚገዛት ሰውም መንታ መሆኗን ንገሩት።

ለመሸጥ ለተወሰነችው ደግሞ ደረጃው ሁለት ነው። ወይ ጡት ስትጥል ሽጧት፣ ወይ እርጉዝ እስክትሆን አቆዩአት። መሃል ላይ፣ አንድ ዓመት ከምናምን ሆና ገና ያልያዘች ጊደር ስትሸጡ ካወጣችሁት አንጻር ከሁሉም ያነሰ ነው የምታገኙት፣ ምክንያቱም ገዢው ትያዝ አትያዝ አያውቅም፤ ጥርጣሬውን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። የተዳቀለች ጊደር በጥሩ መኖ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ባለው ውስጥ ትወልዳለች፣ ቦረና ግን ሦስት ተኩል አራት ዓመት ልትፈጅ ትችላለች። ስለዚህ «እርጉዝ አድርጌ እሸጣለሁ» የሚለው ሐሳብ ለተዳቀለችው ጥሩ ቢዝነስ ነው፣ ለሀገሯ ጊደር ግን ሜዳና ሳር ላለው ሰው ብቻ። እርግዝናዋን በእንስሳት ሐኪም አስመርምራችሁ፣ የተዳቀለችበትን ቀንና የኮርማውን ዝርያ የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ብትሸጡ ከአዲስ አበባና ከቢሾፍቱ የሚመጣ ወተት አምራች ያለ ብዙ ክርክር ይገዛችኋል።

በአንድ ገጽ ሲታይ

| አማራጭ | የሚጠይቀው | ገንዘቡ የሚመጣው | ዋናው ስጋት | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| ወንድ፣ በሳምንታት ውስጥ | እንገር ብቻ | ወዲያው፣ ግን ትንሽ | የሀገር ላም ወተት ይቆማል | የተዳቀሉ ላሞች ያሉት የከተማ ወተት አምራች |
| ወንድ፣ ጡት ሲጥል | ወተት፣ ጥቂት ድብልቅ መኖ | ከ3 እስከ 9 ወር | ተቅማጥ፣ ሳንባ ምች | መሬትና መኖ የሌለው፣ ካሽ የሚፈልግ |
| ወንድ፣ እስከ ወይፈን | ሳር ወይም የራስ ገለባ፣ ክትባት | ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 3 | አባ ጎርባ፣ ድርቅ | ሜዳ ያለው አርቢ፣ ገለባ ያለው ገበሬ |
| ወንድ፣ እስከ ሰንጋ | ብዙ የሚገዛ መኖ፣ በየቀኑ ክትትል | በበዓል ሰሞን | የመኖ ዋጋ፣ በዓሉ ማለፍ | ካፒታል ያለውና ሙሉ ጊዜውን የሚሰጥ |
| ሴት፣ ጡት ስትጥል | እንደ ወንዱ | ከ3 እስከ 9 ወር | በረቱ ተተኪ ማጣቱ | ተተኪ የተረፈው ብቻ |
| ሴት፣ እርጉዝ ሆና | ረጅም የመኖ ወጪ፣ ማዳቀያ | ከ2 እስከ 4 ዓመት | አልይዝ ማለት | የተዳቀለ ዝርያ ያለው፣ ታጋሽ |
| ሴት፣ ለራስ | እንደ ላይኛው | በወተትና በጥጃ | በሽታ፣ መንታ መሃን | ላሞቹን ማደስ ያለበት ሁሉ |

መቼ ይወጣ?

የወይፈን ገዢ ዋናው አድላቢ ነው፣ አድላቢ ደግሞ ከበዓሉ ሦስት አራት ወር ቀድሞ ይገዛል። ለፋሲካ የሚያደልብ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይገዛል፤ ያኔ አዲስ ገለባ ወድቋል፣ እጁ ላይም የእህል ብር አለ። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የሚያደልብ ግንቦትና ሰኔ ላይ ገበያ ይወጣል። ለገና ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ። ወይፈናችሁን በዓሉ ሰሞን ይዛችሁ ብትወጡ ከሰንጋ ጋር ተሰልፎ ቀጭን ሆኖ ነው የሚታየው፤ ሦስት ወር ቀድማችሁ ብታወጡት ግን ገዢው የሚያየው ሊሆን የሚችለውን ነው። የቀንበር ወይፈን ጊዜው ግንቦትና ሰኔ ነው፣ እርሻ ሲጦፍ። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ በዚያ ዓመት መቼ እንደሚውል አይታችሁ አብራችሁ አስሉት፤ የውጭ ገዢዎችም የሀገር ውስጥም ገበያ በሱ ይንቀሳቀሳል።

ከሁሉም የከፋው የበጋው መጨረሻ ነው፣ የካቲትና መጋቢት፣ በልግ ከቀረ ሚያዝያም። ሳር አልቋል፣ ቆላው አካባቢ ያለ አርቢ ሁሉ የከሳ ከብት ይዞ ይወጣል፣ ሥጋ በላተኛውም ጾም ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ለመሸጥ የምትገደዱ ከሆነ ሁሉንም ይዛችሁ አትውጡ። በአንዱ ሽያጭ ለሌሎቹ መኖ ግዙ። አንድ ጥጃ ሸጦ ሦስቱን ሰኔ ላይ ማድረስ አራቱን በየካቲት ዋጋ ከመስጠት ይሻላል። የከሳ ወይፈን ዝናብ ጥሎ ሳር ሲያገኝ ከደህናው ወይፈን በፈጠነ ፍጥነት ይሞላል፤ አዋቂ ገዢዎች በየካቲት የሚገዟችሁ ይህንን ስለሚያውቁ ነው።

እንደየአቅማችሁ

ግቢያችሁ ጠባብ፣ መኖ በሙሉ የምትገዙ ከሆነ፦ የተዳቀለ ወንድ ቶሎ ይውጣ፣ የጾም ሰሞን የተወለደው ግን ጡት እስኪጥል ይቆይ፤ ከሴቶቹ ምርጥ እናት ያላቸውን ብቻ አሳድጉ።

ገለባ ያላችሁ ገበሬዎች፦ ጡት የጣለ ጥጃ የምትሸጡ ሳይሆን የምትገዙ መሆን አለባችሁ። የራሳችሁንም የሰውንም ወይፈን አድርሳችሁ ለማድለቢያ ወይም ለቀንበር አቅርቡ። ገለባ ብቻውን ግን አያሳድግም፤ በቀን ግማሽ ኪሎ ፋጉሎ እንኳ ቢጨመርበት ልዩነቱ በአንድ ወር ይታያል።

ሜዳ ላይ ቦረናና ከረዩ የምታረቡ፦ ወይፈኖቹን ሳትቀጠቅጡ ለማድለቢያዎች አድርሱ፣ ግን ሁሉንም ይዛችሁ በጋ አትግቡ። ክረምቱ ደህና ሆኖ ሳር ሲተርፍ ብዙ አቆዩ፤ መስከረም ላይ ሜዳው ሳስቶ ካያችሁት ጥቅምት ሳያልቅ ቀንሱ። ያኔ ከብቱ ገና ወፍራም ነው፣ ዋጋውም አልወረደም።

ገንዘብ ይዛችሁ አዲስ ለምትገቡበት፦ ከጥጃ አትጀምሩ። የደረሰ ወይፈን ገዝታችሁ አንድ ዙር አድልቡ፣ ገበያውንና መኖውን እወቁ፣ ከዚያ ወደ ማሳደግ ውረዱ።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት

አብዛኛው ገበያችን ላይ ሚዛን የለም፣ በዓይን ግምት ነው የሚሸጠው። በዓይን ግምት ደግሞ የሚያተርፈው በየቀኑ የሚያየው ደላላ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። የጥጃውን የደረት ዙሪያ ከፊት እግሩ ኋላ ለኩ፣ ርዝመቱን ከትከሻ አጥንቱ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ለኩ፣ ሁለቱም በሳንቲ ሜትር። ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ10,840 አካፍሉ። ዙሪያው 120፣ ርዝመቱ 105 ከሆነ 140 ኪሎ ገደማ ነው። ፍጹም ሚዛን አይደለም፣ ግን «ይሄ መቶም አይሞላ» ለሚላችሁ ሰው በቂ መልስ ነው። ዕድሜ ላይ ክርክር ከተነሳ ጥርሱን ክፈቱና አሳዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትልልቅ ጥርሶች ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ነው የሚወጡት።

የክትባት ወረቀቱን ያዙ። የደላላውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል ከብቱ ሳይወርድ ተነጋገሩ። በአይሱዙ ሩቅ የምትጭኑ ከሆነ ከብቱ በመንገድ ላይ ክብደት እንደሚጥል አስቡና ከዋጋችሁ ላይ አስሉት። ከዚያ የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋችሁን ቤት እያላችሁ፣ ከባለቤታችሁ ጋር ወስኑ፤ ደላላው «ኦቦ፣ ዛሬ ገበያው ቀዝቅዟል፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» ሲላችሁ እዚያው ቆማችሁ አዲስ ዋጋ አትፍጠሩ። ካልደረሰ ጥጃው ይመለሳል። የመመለሻውን የመኪና ብር ስትወጡ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፤ እሱን ያልያዘ ሰው ነው አመሻሽ ላይ በተሰጠው ዋጋ የሚሸጠው።